ከስንብቱ በኋላ ሌላ አትጫወቱብን

ስለ ስደት የሚዘጋጁ የቻምበር ሙዚቃ ምሽቶች አንድ አመል አላቸው፤ አድማጩ አዝኖ እንዳይወጣ ይሳሳሉ። ዋናው ሥራ አልቆ ጭብጨባው ሲበረታ፣ አራቱ ሙዚቀኞች ተመልሰው ይቀመጡና አንድ ሞቅ ያለ ጭፈራ ይመርቁልናል። ተዝካር በልቶ እንደተሸኘ ሰው ቀለል ብሎን እንወጣለን። በቅርቡ የቤላ ባርቶክን ስድስተኛ የክር ኳርቴት እንዲህ አድርገው አበላሹብኝ።

ሃንጋሪያዊው ባርቶክ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1939 ስዊዘርላንድ ሳለ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ቡዳፔስት ተመልሶ በኅዳር ጨረሰው። በታኅሣሥ እናቱ ሞቱ። አይሁዳዊ ስላልነበረ ውጣ ያለው የለም፤ ከናዚዎች ወዳጆች ጋር መኖር ግን አንገሸገሸው። በጥቅምት 1940 ከባለቤቱ ጋር ወደ ኒው ዮርክ ተነሣ። የስደት ሙዚቃ የምንለው ይህ ኳርቴት እንግዲህ አገር ቤት ያለቀ፣ ሻንጣው ሳይታሰር የተጻፈ ነው።

አሠራሩን ልብ በሉ። መጀመሪያ ቪዮላ ብቻዋን አንዲት ያዘነች ዜማ ታሰማለች። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት ያቺው ዜማ በሁለት ድምፅ ትመለሳለች፤ ሦስተኛው ላይ በሦስት። በየመሃሉ ሕይወት ሌላ ነው፦ ማርሽ አለ፣ ፌዝ አለ፣ ቫዮሊኖቹ ሆን ብለው ቅኝት የሚስቱበት ቀልድም አለ። አራተኛው ክፍል ላይ ግን ቀልዱ ሁሉ ያልቅና ሐዘኑ ብቻ፣ በአራቱም መሣሪያዎች፣ ቤቱን ይይዘዋል።

የቀሩት ረቂቆች እንደሚያሳዩት ባርቶክ መጨረሻውን ፈጣን ሊያደርገው አስቦ ነበር። ተወው። እሱ የተወውን ጭፈራ ነው እኛ በጭብጨባ የምናስመልሰው!

ሰውየው ማባበል የሚወድ አልነበረም። ከመሄዱ በፊት በተናዘዘው ኑዛዜ፣ በቡዳፔስት በሂትለርና በሙሶሊኒ ስም የሚጠሩ አደባባዮች እስካሉ ድረስ በእሱ ስም መንገድ እንዳይሰየም አዟል። ሁለተኛው ስም ለእኛም ባዳ አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1937 ከነቤተሰባቸው ወደ አሲናራ ደሴት የተጋዙት በዚሁ ሰው ወረራ ነው። አዘጋጆች የሚሰሙኝ ከሆነ፣ የእሳቸውን የፒያኖ ድርሰቶች ከባርቶክ ጋር በአንድ ምሽት ቢያደርጉልን ቲኬቱን ቀድሜ እገዛለሁ።

ኳርቴቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በጥር 1941 ኒው ዮርክ ውስጥ ነበር። የተጫወተው ቡድን መሪ ሩዶልፍ ኮሊሽም የቪየና ሰው ነው፤ እሱም አገሩን ትቶ የመጣ። ባርቶክ በ1945 እዚያው ኒው ዮርክ ሞተ። አጽሙ ቡዳፔስት የገባው በ1988 ነው።

ስለዚህ የእማሆይ ፒያኖ በፊተኛው አጋማሽ ይሁን፤ ዕረፍት እንውጣ፣ ቡናችንን እንጠጣ። ባርቶክ ሲያልቅ ግን ሙዚቀኞቹ እጅ ነሥተው ይውጡ፤ እኛም ታክሲ ፍለጋ እንሂድ።