ግብር ያለ ምክር

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በጎጃም ደጋ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህን ተረት ሲተርት የኖረው የጎጃም ገበሬ ሰማዩን አላረሰም እንጂ ንጉሡን ከመክሰስ አልተመለሰም። ስለዚህም ግብር የሚጥሉበት ሰዎች «ግብር የማይወድ፥ ሥልጣኔ ያልገባው፥ የልማት ጠላት» ሲሉት ኖረዋል፤ ከተሜውም ይህንኑ ሰምቶ ሳይመረምር ይደግመዋል። ፍርዱ ግን ከእውነት የራቀ ነው። የጎጃም ገበሬ ግብርን አልጠላም፤ የጠላው ልኩ ያልታወቀውን፥ ያልተማከረበትንና ወዴት እንደ ገባ የማይነገረውን ግብር ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ መንግሥት በዙፋን ቢቀመጥ፥ በደርግ ቢሰበሰብ፥ በምርጫም መጣሁ ቢል ፍጻሜው አንድ ነው።

ጎጃም የርስት አገር ነው። መሬቱ ከአቅኚ አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም በኩል እየተቈጠረ ለወንዱም ለሴቷም ልጅ የሚደርስ ነበር። ባለ ጉልቱ የሚወስደው ግብሩን ነበር እንጂ አፈሩን አልነበረም። ይህ ማለት ግን የጥንቱ ዘመን የተድላ ዘመን ነበር ማለት አይደለም። አሥራቱ፥ የማር ግብሩ፥ የሑዳዱ ሥራ፥ ለተሿሚው የሚቀርበው መተያ ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ሹመት የመብል በር እንደ ነበረ ይመሰክራል። የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማድ በላይ የተጠየቁትን መተያ እንቢ ሲሉ አሳይተዋል። በዚያ ታሪክ ገበሬዎቹ የሚጣሉት ከልማዱ ግብር ጋር ሳይሆን ካለ ልክ ከተጨመረው ጋር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የስኮትላንዱ ሊቅ አዳም ስሚዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ ከግብር ሕግጋት አንዱ እርግጠኛነት መሆኑን አስተምሯል። ከፋዩ ስንት፥ መቼና ለማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያላወቀ እንደ ሆነ በሰብሳቢው እጅ የወደቀ ምርኮኛ ይሆናልና። የጎጃም ገበሬ የስሚዝን መጽሐፍ አላነበበም፤ ትምህርቱን ግን በቆዳው ያውቀዋል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከሹመታቸው እስኪወርዱ ድረስ አገሩን እንደ ግል ንግድ ቤት ይዘው በየምክንያቱ ቀረጥ ሲጥሉ ያየ ሕዝብ ሁለተኛ መምህር አያስፈልገውም።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥቱ በመጋቢት 1934 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፥ በለም ጠፍ 10 ብር፥ በጠፍ 5 ብር ተቈረጠ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ ወደ ገንዘብ ተለውጦ ሲጨመር ጎጃም፥ በጌምድርና ትግሬ በቀድሞው ልማዳቸው እንዲቈዩ ተደረገ። ይህ የቸርነት ሥራ ብቻ አልነበረም። ቃላድ በርስቱ ላይ እንዳይጣል ገበሬው አጥብቆ ከልክሎ ነበርና ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አርበኛውን ከጎተራው ሲመግብ የኖረ ሰው ነጻነት በመጣ ማግስት መሬቱ በገመድ ሲለካ ቢያይ መደንገጡ የሚያስገርም አይደለም። ዛሬ የተለካ ነገ እንደሚቈረስ ያውቃልና።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ መፈተኛ የሆነው የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። በዐዋጁ አሥራት ተሽሮ በምትኩ በየዓመቱ ገማቾች የገበሬውን ምርት እየገመቱ በገቢው ልክ ግብር እንዲጣል ታዘዘ። በጊዜው የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ሕዝቡ ስለ ጦር መሣሪያ ምዝገባና ስለ መዋጮ አስቀድሞ ቅር ተሰኝቶባቸው ነበር። ገማቾቹ በተነሡ ጊዜ ሞጣ፥ ቢቸናና ዳሞት አመፁ። ገበሬው ሽማግሌ ልኮ ለመነ፥ አቤቱታውን ለዙፋኑ አቀረበ፤ ያልተሰማ እንደ ሆነም መሣሪያውን አነሣ። መንግሥትም ጦር አዘመተ፥ ከአየርም ቦምብ አስጣለ። በመጨረሻ ግን እንደራሴው ከጎጃም ተነሡ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ወደ ጎጃም ወረዱ፥ ለብዙ ዓመት የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተማረ፥ አዲሱም ግብር ሳይሰበሰብ ቀረ።

የመጻሕፍትን ታሪክ የሚያውቅ ካህን ይህን ሲሰማ የሰሎሞንን ልጅ ሮብዓምን ያስታውሳል። ሽማግሌዎች ቀንበሩን አቅልልላቸው ብለው መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ደግሞ አክብድባቸው አሉት። የአብሮ አደጎቹን ምክር ቢሰማ ዐሥሩ ነገድ ከእጁ ወጣ፤ የግብር ሹሙም በድንጋይ ተወገረ። ልዩነቱ የኢትዮጵያው ንጉሥ ዘግይቶም ቢሆን የሽማግሌዎቹን ምክር መስማቱ ነው። ነገር ግን ከቦምብ በኋላ የሚሰማ ምክር ዋጋው ውድ ነው።

በዚህ ስፍራ ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ይላል፤ «ዐዋጁ እኮ መልካም ነበር። አሥራትን ሻረ፥ ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል አዘዘ። ገበሬው የተነሣው የባላባት አፍ ሰምቶ ነው።» በዚህ ክርክር ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ በአመፁ ውስጥ የራሳቸውን ጥቅም የሚጠብቁ ባላባቶች አልጠፉም። ዳሩ ግን ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብና በመስክ ላይ ሲፈጸም ሁለት ነገር ነው። ግምት ማለት የገማቹ ፈቃድ ማለት ነው፤ የገማቹም ፈቃድ በጉቦ ይጠመዘዛል። አሥራት ቢከብድም ከዐሥር አንድ መሆኑን ዕውር እንኳ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፤ የገማቹን ሐሳብ ግን ከገማቹ በቀር የሚያውቀው የለም። ደግሞስ ገበሬው በምን ተማምኖ ይጨምር? በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር የሚባል ሲታወጅ በአገሪቱ ሁሉ በብዛት የከፈለው ባላገሩ ሲሆን፥ ትምህርት ቤቱ የተሠራው ይልቁንም በከተማ ነው። ልጁ ፊደል የሚቈጥረው እንደ ጥንቱ በደብሩ ከየኔታ ዘንድ ሆኖ ሳለ ግብሩ ለሌላው ልጅ ወንበር ሲገዛ ያየ አባት፥ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ቢጠራጠር ሞኝ አይባልም።

ከዙፋኑ በኋላ የመጣው ደርግ ይህን ሁሉ አስተካክላለሁ ብሎ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በደቡብ የነበረው ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ቀንበር ስለ ወጣ ደስ ቢለው ተገቢ ነበር። ለጎጃም ባለ ርስት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አስቀድሞ ማንም የማይነቅለው የነበረው ባለ ርስት መንግሥት የሚሰጠውና መንግሥት የሚነሣው ባለ ይዞታ ሆነ። የደብሩም መሬት አብሮ ሄደ። የገበሬው ርስት በባላባቱ እጅ ሲደፈር ዝም ያለ ካህን፥ የመሠዊያው መሬት በተወሰደ ጊዜ የሚጮኽለት ጎረቤት አነሰው። የአንዱ ርስት ካልተከበረ የማንም ርስት አይከበርምና።

ብዙም ሳይቈይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቁሞ ኮታ መጣ። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ይህን ያህል ኵንታል ጤፍ፥ ይህን ያህል ስንዴ በመንግሥት ዋጋ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ትርፍ አምራች የሆነው ጎጃም ከሁሉ ይልቅ ተጫነበት፤ ነጋዴውም እህል ይዞ እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። የኮታው ዋጋ ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ ልዩነቱ ስም ያልወጣለት ግብር ነበር፤ አዝመራው የከዳውም ገበሬ በውድ ዋጋ ከገበያ እየገዛ በርካሽ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። የኦስትሪያው ሊቅ ፍሪድሪኽ ሃየክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 እንደ ጻፈው፥ ዋጋ ማለት በሺህ ሰዎች ልብ ተበታትኖ ያለውን ዕውቀት የሚሰበስብ ምልክት ነው። በደብረ ማርቆስ ገበያ የቁና ጤፍ ዋጋ ሲወጣ በዚያ የሚታየው የዝናቡ፥ የአንበጣው፥ የአህያው ኪራይና የልጁ ሠርግ ሁሉ ድምር ነው። በአዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሹም አልተወለደም።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ መታወጁን በተናገሩ ጊዜ የታየው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። ኮታው ቀረ፤ ገበሬውም የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በጥቂት ጊዜ ውስጥ በራሱ ፈቃድ በተነ። ዐሥር ዓመት በስብከትና በግድ የተሠራ ቤት በአንድ ወቅት ከፈረሰ፥ መሠረቱ ፍቅር ሳይሆን ፍርሃት እንደ ነበረ ግልጥ ነው።

ከዚያም ወዲህ መሬቱ ወደ ገበሬው አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጸናው። ይህም ምን ማለት እንደ ሆነ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድል ታየ። በጎጃም በቀድሞው ሥርዓት የማኅበር ሹመት ይዞ የነበረው ሰው «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ወጥቶለት ከአንድ ሄክታር፥ ማለት ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ለሌላው ግን እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቀደ። ሰው ስለ ቀድሞ ሹመቱ በዳኛ ፊት ሳይቆምና ሳይፈረድበት እርሻው ተቈርሶ ለጎረቤቱ ተሰጠ። ጎረቤትም ከጎረቤት ተቀያየመ። ድኻው መሬት ማግኘቱ መልካም ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ዛሬ በስም የተሰጠ መሬት ነገ በሌላ ስም እንደሚወሰድ ተቀባዩም ያውቀዋል። በኋላ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይህን ፍርሃት ጥቂት አቅልሎታል፤ ይህም ራሱ ገበሬው የሚሻው ድጎማ ሳይሆን ዋስትና መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ዘመን ደግሞ ገማችም ቃላድም የማያስፈልገው ሌላ ግብር መጥቷል፤ ይኸውም የገንዘብ መርከስ ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ለቤት እመቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከውጭ አገር ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ ለስኳር፥ ለባቡርና ለኤሌክትሪክ አውለዋለሁ አለ። በጎጃም ምድር በጣና በለስ በመንግሥት ገንዘብ የተጀመሩት የስኳር ፋብሪካዎች ሥራቸው ለመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ከታሰበላቸው ጊዜ በብዙ ዓመት ዘገዩ። በራሱ ገንዘብ የሚሠራ ነጋዴ እንዲህ ቢዘገይ ኪሳራው የራሱ ነው፤ የመንግሥት ኪሳራ ግን የሁሉ ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የዚያ ብድር ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው ለገበያ መለቀቁ አልነበረም ጥፋቱ፤ ገበያው ያሳየው አስቀድሞ የባከነውን ነው። በሣጥኑ ውስጥ ብር ያስቀመጠች መበለት ግን ማንም ደጇን ሳያንኳኳ ግብር ከፈለች።

ተከራካሪው በመጨረሻ «እንግዲህ መንግሥት አያስፈልግም ልትሉ ነውን? መንግሥት በሌለበት ሽፍታ ይነግሣል» ይላል። ይህን ያለ ማንም የለም። ወሰን የሚጠብቅ፥ በእውነት የሚፈርድ፥ የዓባይን በረሃ የሚያሻግር መንገድ የሚያበጅ መንግሥት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ግብር መክፈል ግዴታ ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፥ ሥርዓት በሌለው ግብርና በየኬላው ቀረጥ ሕዝብ እንደሚደኸይ ጽፈዋል። እርሳቸው በብዙ ነገር ብርቱ መንግሥትን የሚሹ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ብርቱን መንግሥት የሚሻውና የመንግሥትን እጅ የሚጠራጠረው ሰው በዚህ በአንዱ ነገር ይስማማሉ፤ ሕዝብን የሚያደኽይ ግብር መንግሥቱንም ያደኸያል።

ስለዚህ ከጎጃም ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ረጅም አይደለም። የግብሩ ልክ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከፋዩ በመረጣቸው ሰዎች በኩል ይማከርበት፤ የገባውና የወጣው ገንዘብ በአደባባይ ይነበብ፤ የገበሬው መሬትም በሹም ቃል የማይነቀል ይሁን። እነዚህ አራቱ በተሟሉበት አገር ገበሬው እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል፤ ባልተሟሉበት ግን ጦርም ኬላም አያስከፍለውም።

ሰማይ በእርግጥ አይታረስም። ስለ ንጉሥ የተባለው ግን በ1960 ዓ.ም. በሞጣና በቢቸና ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። መልካም መንግሥት ክሱን በሸንጎ ይሰማል፤ ክፉው ግን ሸንጎውን ዘግቶ በሜዳ ይሰማዋል።