ሳንቲም የሚደብቀው ዕድሜ

ከገበያ ሲመለሱ በኪስዎ የቀረውን ዝርዝር ገንዘብ አንድ ጊዜ በመዳፍዎ ላይ ዘርግተው ይመልከቱት። ሃምሳ ሳንቲሙ ፲፱፻፷፱ ይላል። ታዲያ የተሠራው በ1969 ዓ.ም. ነው ማለት ነውን? ላይሆን ይችላል። በአገራችን የገንዘብ ታሪክ፣ በሳንቲም ላይ የተጻፈው ዓመት ብዙ ጊዜ ቅርጹ የጸደቀበት እንጂ ሳንቲሙ የተመታበት አይደለም። አንዱ ዓመት ሳይለወጥ ለብዙ ዘመን ይመታበታል። የሰብሳቢ ሥራም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ዓመቱ የደበቀውን ዕድሜ ከሌላ ጥቃቅን ምልክት መፈለግ ነው።

ለእንዲህ ያለው ምርመራ ጋምቤላ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከለለ። ጣቢያው የጣልያን ወረራ ካቋረጠው ጊዜ በቀር እስከ 1949 ዓ.ም. ድረስ በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በሶባት በኩል እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክም በጎሬ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ነበረው። ስለዚህ ከወንዙ በታች የመጣው የግብፅ ቂርሽና ከደጋ የወረደው ጠገራ ብር በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። በዚያው አገር አኙዋዎች ጥሎሽ የሚሰጡት ዲሙይ በሚባል ሰማያዊ ዶቃ ነበር፤ በዶቃው ላይ ግን ጽሑፍም ዓመትም የለበትም። ዓመት የተጻፈበት ገንዘብ ከዶቃው ይልቅ ስለ ዕድሜው እውነቱን ይናገራልን? እስቲ አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ ማሪያ ቴሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር እንውሰድ። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ብር የተጻፈበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ነገር ግን ቪየና ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመት መምታቷን አላቋረጠችም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያኖች በሮም፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ እንግሊዞች በለንደን መቱት፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ሁሉም 1780 ብለው ጻፉበት። የቀድሞ ነጋዴዎች በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በጣት እየዳሰሱና እየቆጠሩ ይቀበሉት እንደ ነበር ይነገራል። ይህን እንደ ጥርጣሬ ብቻ አንየው፤ ዛሬም ሊቃውንቱ የአንዱን ከተማ ብር ከሌላው የሚለዩት በእነዚያው ዕንቁዎችና በንስሩ የጅራት ላባዎች ነው።

የምኒልክ ገንዘብም እንደዚሁ ነው። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተጀመረው ብር ላይ ያለውን አንበሳ ልብ ብለው ቢመለከቱት፣ በአንዳንዱ ግራ እግሩን፣ በሌላው ቀኝ እግሩን አንሥቶ ይገኛል። 1895 ዓ.ም. የሚለው የብር ግርሽ ደግሞ ምኒልክ ካረፉ በኋላም ዓመቱ ሳይለወጥ ለረጅም ጊዜ ተመትቷል።

ከነጻነት በኋላ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ ይላሉ። ባለአንድ፣ ባለአምስትና ባለአሥሩ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፍጻሜ ድረስ፣ መጀመሪያ በአሜሪካ በፊላደልፊያ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር፣ በዚሁ ዓመት ተመቱ። ከሁሉም የሚገርመው የስሙኒው ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር፤ መጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር እጅግ ስለ ተቀራረበ ከገበያ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ ተቆረጠ። ዓይን ቢሳሳት ጣት እንዳይሳሳት ማለት ነው። ከተቆረጡትም መካከል ጠርዙ ሻካራ የሆነና በደንብ የተስተካከለ ይገኛል። ክቡ ስሙኒ ግን ብርቅ ነው።

ስለ ሃምሳ ሳንቲም ካነሣን፣ ሕዝቡ «ሽልንግ» ማለቱ ከምን እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል። ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ስለዚህ ግማሽ ብር ሽልንግ ሆነ። ሳንቲሙ ያልጻፈውን አፍ ጠብቆ አቆየው።

ዛሬ በእጃችን ወደሚገቡት እንመለስ። የ1969 ሳንቲሞች ሁሉ የአንበሳ ራስ አለባቸው። በአንዳንዱ ላይ ከአገጩ ሥር በግራ በኩል ሁለት የጢም ፀጉሮች ከሌሎቹ ረዝመው ወደ ጽሑፉ ተጠግተዋል፤ በሌላው ላይ ጢሙ ሁሉ እኩል ነው። ዋጋው አንድ፣ ዓመቱ አንድ፣ ማኅተሙ ግን ሁለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1996 እና በሌሎች ዓመቶች ከወጡት መካከል ደግሞ ውስጣቸው ብረት በመሆኑ ማግኔት የሚስባቸው አሉ። አጉሊ መነጽርና ትንሽ ማግኔት ካለዎት የሰብሳቢው መሣሪያ ተሟላ ማለት ነው።

ይህ ሥራ ለተማሪና ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከዝርዝር ውስጥ የተገኘ ሳንቲም የሚያስወጣው የራሱን ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ ሳንቲሙን በአሸዋም በሎሚም አይፈትጉት፤ የታጠበ ሳንቲም ምልክቱን ያጣል። ሁለተኛ፣ በትንሽ ፖስታ ከተው የት፣ መቼ እንዳገኙት ይጻፉበት፤ ኢታንግ ላይ የተገኘና መርካቶ የተገኘ አንድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያዥ ከሆኑ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሣጥን የሚያነሡትን ሳንቲም በዚያው ሰዓት በሌላ ሳንቲም ይተኩ። አሥር ሳንቲም የጎደለበት ሣጥን አሥር ሳንቲም ብቻ አይደለም የሚያሳጣው።

ከአያት ሣጥን ስለሚገኘው ጠገራ ብርም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙው ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል፤ ብዙውም በመንገደኛ ሻንጣ ተሸሽጎ ወጥቷል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ብሩ ቢያስፈልግ እንኳ ከመሸጡ በፊት ዕንቁዎቹን ቆጥሮ፣ ሽማግሌው ከማን እንደ ተቀበሉት ጠይቆ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዛሬ በሳንቲም የሚገዛ ነገር እምብዛም የለም፤ ብሩም ራሱ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንቲም ሆኖ ተመትቷል። ባለጢሙ አንበሳ በየመሳቢያው ጥግ እየቀረ ነው፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ደግሞ ሳይሰናበት ይጠፋል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት የሚያገኟቸውን ባለ፲፱፻፷፱ ሳንቲሞች በጢማቸው ለይተው ከሁለት ይክፈሏቸው። ያን ጊዜ አንድ ዓመት የተጻፈባቸው ሁሉ አንድ እንዳልሆኑ በራስዎ ዓይን ያዩታል።