ባሕር ተሻግሮ ጨዋታ ማየት ለነጋዴ ያዋጣዋልን?

የዓለም ዋንጫ ወይም የአፍሪካ ዋንጫ በተቃረበ ቍጥር በነጋዴዎቻችን መካከል አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ «ጨዋታውን እዚሁ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ከመመልከት ስፍራው ድረስ ሄዶ በዓይን ማየት ወጪውን የሚያካክስ ነውን?» የሚል ነው። አንዳንዱ ነገሩን እንደ ልጅ ጨዋታ ቈጥሮ ይሥቅበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬት ከቈረጠ በኋላ ሒሳቡን ማሰብ ይጀምራል። እኔ በሽንሌ ከተማ የአንድ ከብት ላኪና ሸቀጥ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ይህንኑ ጥያቄ በወረቀት አስፍሬ እንድመልስ አንድ ጊዜ ታዝዤ ስለ ነበር፣ ከዚያ ያገኘሁትን ትምህርት ለዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንባብያን ባካፍል ድፍረት እንደማይሆንብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የዓለም ዋንጫ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን በካታር ሊደረግ ተወስኖ ነበርና፣ የአሠሪዬ ሁለት ወንዶች ልጆች አባታቸውን ይዘው ወደ ዶሃ ለመሄድ መከሩ። ዶሃ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት፤ አገሩ የእስላም አገር ስለ ሆነ በምግብም በጸሎትም አንቸገርም፤ ምናልባትም የበግና የፍየል ሥጋ ገዢ እናገኛለን ሲሉ ምክንያታቸውን አቀረቡ። ሐጂም (አሠሪዬን ሁላችን የምንጠራቸው በዚህ ስም ነው) ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ጻፈውና እንየው» አሉኝ።

የጻፍሁት ይህን ይመስላል። የመክፈቻው ጨዋታ ሳይቈጠር፣ በመጀመሪያው ዙር ከውጭ አገር ለሚመጣ ተመልካች ዝቅተኛው የመግቢያ ዋጋ 69 ዶላር፣ ከፍተኛው 220 ዶላር ነበር። ለፍጻሜው ጨዋታ ግን ዝቅተኛው 604፣ ከፍተኛው 1607 ዶላር ሆኖ ነበር። መኝታ እንደ ልብ የሚገኝ ስላልነበረ፣ ብዙ ሰዎች ዱባይ እያደሩ በአውሮፕላን ለመመላለስ ተዘጋጅተው ነበር። ለተመልካቾች ተብለው ከተሠሩት ጊዜያዊ ክፍሎች አንዱ በሌሊት ወደ 200 ዶላር ይከራይ ነበር። ሦስት ሰዎች ሁለት ክፍል ይዘው ዐሥር ሌሊት ቢያድሩ የመኝታው ብቻ 4000 ዶላር ነው። ባንክ በጊዜው ዶላሩን ወደ 53 ብር ገደማ ይመነዝር ስለ ነበር፣ ይህ ከ210 ሺህ ብር ይበልጣል። የአውሮፕላኑ፣ የመግቢያው፣ የምግቡና የታክሲው ገና አልተጨመረበትም።

ይህን ሁሉ ደምሬ ከግርጌው «በባንክ ያለን ገንዘብ ይበቃል» ብዬ ጻፍሁ። ስሕተቴም በዚህች ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር። ሐጂ ወረቀቱን አንብበው ከጨረሱ በኋላ፣ «ይህ በባንክ ያለው ገንዘብ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «የእርስዎ ነዋ» ብዬ መለስሁ። «እንግዲያው መዝገቡን ግለጠው» አሉኝ።

በከብት ንግድ ላይ የተሰማራችሁ አንባብያን እንደምታውቁት፣ በእኛ አገር ብዙው በግና ፍየል የሚሰበሰበው በመተማመን ነው። አርቢው ለደላላው፣ ደላላው ለላኪው ያስረክባል፤ ገንዘቡም መንጋው ወደ ጂቡቲ ወርዶ ከተሸጠ በኋላ ይከፈላል። መዝገቡን ገልጬ ባየሁ ጊዜ፣ በዚያ ሳምንት በባንክ ከነበረን ገንዘብ የሚበዛው ገና ያልተከፈለ የአርቢዎች ሒሳብ ሆኖ አገኘሁት። ያ ወራት ደግሞ በሶማሌ ክልል ዝናብ በተከታታይ ጠፍቶ ድርቅ የበረታበት፣ አርቢው የተረፈችውን እንስሳ ሸጦ ለልጆቹ እህል የሚገዛበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ እኔ «ይበቃል» ብዬ የጻፍሁት ገንዘብ የአንድ ቤተሰብ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ ምግብ ኖሯል።

ከዚህ በኋላ ሐጂ የ1968 ዓ.ም.ን ነገር አወጉኝ። በዚያ ዓመት ዐሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን በአገራችን ሲደረግ፣ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ ማለትም ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛይር የተመደቡበት በድሬዳዋ ነበር የተጫወተው። በቀድሞው የምድር ባቡር መሥመር ሽንሌ ከድሬዳዋ ቀጥላ የምትገኝ ጣቢያ ስለ ሆነች፣ የአህጉሩ ጨዋታ እስከ ደጃችን መጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገና ጐረምሳ የነበሩት ሐጂ ከአባታቸው መንጋ ሁለት ፍየል ነድተው ድሬዳዋ ሸጡ፤ በዋጋውም ስታዲየም ገብተው ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ ተመለከቱ። ሞሮኮ በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደ። ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የበላው ዛይር ግን በድሬዳዋ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሐጂም፣ «ያን ጨዋታ በማየቴ እስከ ዛሬ አልጸጸትም፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። የምጸጸተው አባቴ ማታ ፍየሎቹን ሲቈጥር ዝም በማለቴ ነው» አሉኝ።

በመጨረሻ ሐጂ ቀሩ፤ ታላቁ ልጅም የሚጫን መንጋ ስለ ነበረበት ቀረ። ድሬዳዋ የራሱ የጨርቅ ሱቅ ያለው ታናሹ ግን ከትርፉ ካጠራቀመው ከፍሎ፣ ሱቁን ለሚያምነው ሰው አስረክቦ፣ ለአምስት ሌሊት ሄዶ ሁለት ጨዋታ አይቶ ተመለሰ። አባቱ ስለ ሥጋ ገዢው ቢጠይቁት፣ «አባባ፣ አንድም አላገኘሁ፤ ሰዉ ሁሉ የመጣው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን እጅግ ደስ ብሎኛል» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ወጪውንም በሱቁ መዝገብ ሳይሆን በቤቱ ደብተር ላይ ጻፈው። በእኔ አስተያየት ይህ ወጣት ሒሳቡን በትክክል ሠርቷል።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ለሚመክሩ ነጋዴዎች ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ዋጋው ስንት ነው ከማለት አስቀድሞ ከየትኛው ገንዘብ ይከፈላል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከትርፍ ተቀንሶ ለቤት የተለየ ገንዘብ የባለቤቱ ነው፤ እንዳሻው ቢያደርገው የሚከለክለው የለም። ዋናው ገንዘብ ግን የሱቁ ነው፤ በዱቤ የመጣው የአበዳሪው ነው፤ በወሩ መጨረሻ የሚከፈለው ደመወዝም የሠራተኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ደስታን ንግድ ብለን አንሰይመው። በእርግጥ ለንግድ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ለደንበኛው ይጽፋል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ የዕቃውን ናሙናና ዋጋ ያዘጋጃል፤ ጨዋታው ቢሰረዝ እንኳ መሄዱ አይቀርም። ጨዋታው ባይኖር ኖሮ የማይሄድ ሰው ግን የሚሄደው ለመዝናናት መሆኑን ለራሱ ይንገረው። መዝናናት ነውር አይደለም፤ የሒሳብ መዝገብን ማታለል ግን ነውርም ኪሣራም ነው።

ሦስተኛ፣ ቅርቡን ከሩቁ እናመዛዝን። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሶ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 በተለያየ ጊዜ፣ በስታዲየሙ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዘው የተገኙት ብዙዎቹ በዚያው አገር በንግድ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ነበሩ። ለእነርሱ ጕዞው የመኪና መንገድ እንጂ ዋና ገንዘብን የሚነካ አልነበረም። የ2027 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) የአፍሪካ ዋንጫም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛንያ ተሰጥቷል። የጎረቤትን ጨዋታ ማየትና ውቅያኖስ መሻገር በዋጋ አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ የገንዘባችን ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በ2015 ዓ.ም. የጻፍሁት ወረቀት ዛሬ የሚያገለግል አይደለም። ያው 4000 ዶላር አሁን በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በአሮጌው ምንዛሪ ጕዞ የሚያቅድ ነጋዴ በአሮጌ ሚዛን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ሕይወት መዝገብ ብቻ አይደለችም፤ ሰው ሠርቶ ካልተደሰተበት ምን ይረባዋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሐጂም ያን የሞሮኮ ጨዋታ ከ45 ዓመት በላይ በልባቸው ይዘውታል። የ2034 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ መሰጠቱ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታውቋል። ሳዑዲ ዓረቢያ የበጎቻችን የቈየ ገበያ ናትና ከእኛ መካከል ለመሄድ የሚመኝ እንደማይጠፋ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ለብቻው ቢያስቀምጥ ቀኑ ሲደርስ ማንንም ሳይጐዳ ይሄዳል፤ እኔም መልካም መንገድ እለዋለሁ።

በሰው ወርቅ አይደመቅም ይላሉ አበው። ቲኬት ከመቍረጣችን በፊት መዝገባችንን ገልጠን ያልተከፈለ ሒሳብ የሰፈረበትን ገጽ እንመልከት። በዚያ ገጽ ላይ የሚጠብቀን ሰው ካለ፣ ጨዋታውን በሽንሌ ሻይ ቤት ተቀምጠን ብናየው ጐሉ ያው ጐል ነው።