ማሽላ በነሐሴ አይታጨድም

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲያገረሽ በራያ፣ ቆቦ ከተማ ያሉ ቤተሰቦቼ ስልክ አልሠራ አለ። መንግሥት በሕዝቡ ላይ እልቂት እንዳይደርስ በሚል ሠራዊቱ ከተማዋን ለቆ መውጣቱን ያስታወቀው ነሐሴ 21 ነው። እስከዚያ ስለ ቆቦ የሚነግረን ቆቦ የሌለ ሰው ነበር፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከጅዳ፣ ሌላው ከዋሽንግተን።

አጎቴ በቴሌግራም «አሁን ከቆቦ የደረሰን» የሚል ፎቶ ላኩልኝ። የታጨደ ማሳ፣ የተከመረ አገዳ፣ ከኋላው ጭስ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የራያ ማሽላ በነሐሴ ገና ለምለም ነው፣ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ፎቶው የቆቦ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ሳምንት ግን አይደለም። ይህን ብነግራቸው ተቆጡ፦ «ታዲያ ጦርነት የለም ልትል ነው?»

ጦርነቱማ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አንድ የቆየ ፎቶ በተጋለጠ ቁጥር፣ መካድ ለሚፈልግ ሰው የእውነቱንም ሟቾች መካጃ መሆኑ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች በቆቦ ሲቪሎችን ገድለዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ባወጣው ዘገባ የዓይን ምስክሮችን ቃል ብቻ ይዞ አልቀረም፤ ነዋሪዎች ሟቾችን ቀበርን ያሉባቸውን የቅዱስ ጊዮርጊስንና የቅዱስ ሚካኤልን አብያተ ክርስቲያናት ግቢ በሳተላይት ምስል ፈትሾ አዳዲስ መቃብሮች መኖራቸውን የሚያሳይ ምልክት አገኘ። ምስክሩ ቦታና ቀን ጠርቷል፣ ሌላው ሄዶ ማየት ይችላል። የአጎቴ ፎቶ ግን አንሺም፣ ቀንም፣ ቀበሌም የለውም።

ከዞብል ተራራ ማዶ ያሉት አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ በዓይናቸው ያዩትን ከሰሙት፣ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙ ይለያሉ። ሐሰት ያቀበለ ሰው አመኔታ ያጣል፣ ይቀጣልም። ቆቦ ገበያ ስንት ዘመን አብረናቸው ስንገበያይ ይህን ሳንወስድ መቅረታችን ይቆጨኛል።

በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት በሚያሰራጭ ላይ ቅጣቱን ያከብደዋል። አጎቴ ገጽ እንኳ የላቸውም። ግን የቤቱ ታላቅ ናቸው፤ እሳቸው የላኩትን ለቅሶ ቤት የማይደግም ዘመድ የለንም። «ውሸት ነው» ማለት ድፍረት ስለሆነ ታናናሾቼን ሌላ ነገር አስለመድኳቸው፦ «ጋሼ፣ ያዩት ነው የሰሙት? ከማን?» አንዳንዴ ይመልሳሉ፣ አንዳንዴ ስልኩን ይዘጉታል።