ስም ያለበትን ብዕር አትፋቁት

ፓርከር 51 የሚባለውን ብዕር መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፕለም የሚባለው መልኩ እጄ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እንደ መስታወት ያበራል። ባየሁት ቁጥር ግን አንጀቴን ይበላዋል።

ያገኘሁት ምን አለሽ ተራ፣ ከተፈቱ ሰዓቶችና ከዛጉ ቁልፎች መካከል ነው። ሻጩ “ጋሼ፣ ፓርከር ነው፤ ትንሽ ተጭሯል እንጂ ደህና ነው” ብሎ ሰጠኝ። ጥላ ስር ሳየው የተለመደው ጥቁር ቀይ መስሎኝ ነበር፤ የዚያ ዓይነት ሦስት አሉኝ። ቤት ገብቼ ከሦስቱ ጋር በረንዳ ላይ ፀሐይ ባሳየው፣ ሦስቱ ወደ ደም ሲያደሉ እሱ ብቻ ወደ ወይን ጠጅ አደላ። ፕለም ማለት ይኸው ነው። ፓርከር 51 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1972 በሚሊዮኖች ሲመረት፣ ይህ መልክ የወጣው በ1940ዎቹ መጨረሻ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሰብሳቢው ሁሉ የሚያስሰውም ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን መልኩ አልነበረም። ቀፎው ላይ፣ በጣም ስስ በሆነው የፋብሪካ ጽሑፍ መጨረሻ፣ 8 ቁጥር ነበረች፤ 1948 ማለት ነው። ከእሷ በታች በመርፌ ይሁን በወስፌ ጫፍ፣ በእጅ፣ “ለየኔታ መታሰቢያ 1942” ተብሎ ተጽፏል። የእኛ 1942 የፈረንጆቹ 1949 እና 1950 ነው። ዊስኮንሲን፣ ጃንስቪል ከተማ የነበረ ኩባንያ የሠራው ብዕር፣ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ የአንድ የኔታ ኪስ ገባ ማለት ነው። መቃ ቀርጸው፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በቀንድ ይዘው ይጽፉ ለነበሩ ሰው ተማሪዎቻቸው አዋጥተው የገዙላቸው ይሆናል።

ውስጡ ቀለም ደርቆበት ስለነበር ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ደስ ብሎት “አዲስ አደረግሁልዎ” አለኝ። በማሽን ወልውሎ ጽሑፉን በሙሉ አጥፍቶታል። 8ቷም የለችም፤ የኔታም የሉም።

ሰውየው ክፋት አላሰበም። ያደረገው ከእኛ ከሰብሳቢዎች የተማረውን ነው። ስም የተቀረጸበት ብዕር ሲቀርብልን ዋጋ እንሰብራለን፤ የሚያብለጨልጭ ሲቀርብልን እንሻማለን። የአንዱ ክዳን ለሌላው ስለሚገጥም፣ ከሁለት ሦስት ብዕር አንድ “ንጹሕ” ብዕር ተገጣጥሞ ሲሸጥም ዝም ብለን እንገዛለን። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ፕለም ብርቅ ቢሆንም፣ ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ሰው ሌላ ፕለም ያገኛል። “ለየኔታ መታሰቢያ” የተጻፈበት ግን ያ አንድ ብቻ ነበር። ብዕሩ መቼ እንደተሠራና አገራችን መቼ እንደደረሰ ራሱ ይመሰክር ነበር። ፎቶ እንኳ ስላላነሳሁት፣ አሁን የቀረው የእኔ ቃል ብቻ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ ብዕሩ ያን ሁሉ መወልወል አያስፈልገውም ነበር። ከ1948 ወዲህ በተሠሩት ፓርከር 51ዎች ውስጥ ያለው ቀለም መያዣ ከፕላስቲክ ስለሆነ፣ እንደ ድሮው ላስቲክ ቶሎ አይበሰብስም፤ ብዙዎቹ ዛሬም ቀለም ይስባሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያም ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ እያስሳቡ ማስተፋት ይበቃል። ሙቅ ውኃና አልኮል አይንካው፤ ብርጭቆ ወረቀት አጠገቡ አይድረስ። ከሁሉ በፊት ግን ብርሃን ከጎን አብርታችሁ ጽሑፉን ፎቶ አንሱት።

በአባታችሁ ኮት ኪስ ወይም በእናታችሁ ሳጥን ውስጥ ስም ያለበት ብዕር ካለ፣ ጠጋኝ ዘንድ ስትወስዱት ከዋጋው በፊት ይህን ንገሩት፦ ቀለሙን እጠብ፤ ጽሑፉን እንዳትነካ።