«ከጎዳና ይሻላል» ስለሚባለው ክፉ ማመካኛ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በበዓል ቀን ከጓደኞችህ ጋራ ገንዘብ አዋጥተህ፣ በግ ገዝተህ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሄደህ እንደ ሆነ መልካም አድርገሃል። ምሳውን አብልተህ፣ ምርቃቱን ተቀብለህ፣ ፎቶግራፍ ተነሥተህ ወጣህ። ዳሩ ግን አንተ ከወጣህ በኋላ የሚመጣውን ሌሊት አስበኸዋልን?

እኔም አላሰብሁትም ነበር። አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው የነበሩ አንዲት እናት ልጠይቅ ወደ አንድ መጦሪያ ገባሁ። የቤቱን ስም አላነሣም፤ ጠቤ ከአንድ ቤት ጋራ አይደለምና። አንሶላቸው ንጹሕ ነው፤ ጠጉራቸውም ተበጥሯል። ነገር ግን ሲያገላብጧቸው ከወገባቸው ግርጌ መዳፍ የሚያህል ቁስል አየሁ። አስታማሚዋን ብጠይቃት ሌሊት ለ40 ሰው ብቻዋን እንደምታድር ነገረችኝ። ለአለቃዋ ባመለክት ደግሞ ያገኘሁት መልስ «ከጎዳና ይሻላል» የሚል ሆነ።

እኔ የምጣላው ከዚህ ቃል ጋራ ነው። ከጎዳና ጋራ ተመዝኖ የማያምር ነገር ምን አለ? ሐኪም «ከመሞት ይሻላል» ብሎ በቆሸሸ መርፌ ሊወጋህ ቢነሣ እጅህን ትዘረጋለታለህን?

ያ ቁስል የእርጅና ዕዳ አይደለም። አጥንት ከፍራሽ ጋራ ተጫጭኖ ሲቆይ በመካከል ያለው ሥጋ ደም ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋም ይሞታል። ለመጀመር ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፤ ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል፤ ከመረቀዘም ደምን መርዞ ሊገድል ይችላል። መከላከያው ውድ መድኃኒት አይደለም። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ቆዳን ማየት፣ የረጠበውን መለወጥ ነው። እንዲሁም በጀርባቸው አጋድመው የሚያጎርሷቸው ሽማግሌ እህሉ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችላል፤ ቀና አድርጎ ቀስ እያሉ ማጉረስ ጊዜ ይጠይቃል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ ሌሊት የሚነቃ እጅ ይፈልጋል። በግ ሰው አያገላብጥም።

«ድኾች ስለ ሆንን ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለበት፤ ሆኖም ሀብት ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ቪክቶር ካስታኔ የተባለ ጋዜጠኛ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ብዙ ገንዘብ በሚከፈልባቸው መጦሪያዎች ሳይቀር ምግብና የሽንት ጨርቅ እየተቆጠረ ይሰጣል ሲል አጋለጠ፤ መንግሥትም ምርመራ ለማዘዝ ተገደደ። ያን ነገር ወደ ብርሃን ያወጣው ጠያቂ ሰው ነው። በእኛም አገር የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። እንግዲህ መጠየቅ ምጽዋት ሰጪን መድፈር አይደለም።

ስለዚህ በሚመጣው በዓል ስትሄድ ጠይቅ፤ ሌሊት ስንት ሰው ያድራል? እኒህ አባት መቼ ተገላበጡ? ሰው ሲወድቅ የሚጻፍበት መዝገብ የት አለ? ብዙዎቹ አስታማሚዎች ጥያቄህን ደስ ብሏቸው ይመልሱልሃል፤ እነርሱም ረዳት ያጡ ናቸውና። የበጉንም ዋጋ ለአንዲት የሌሊት አስታማሚ ደመወዝ አድርገው። አለቃው ቢቆጣህ በሳምንቱ ተመልሰህ እንደ ገና ጠይቀው።