ክፍት ቱቦ ወይስ ዝግ ቱቦ? ስለምንገዛው ቴሌስኮፕ የቀረበ አስተያየት



የሰማይ ነገር ለእኛ ለወላይታ ልጆች እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የጊፋታን በዓል ቀን የሚለዩት የጨረቃን ሙላትና ጉድለት እየቆጠሩ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ በላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ፣ ስለ ሰማይ ያልጠየቀ ልጅ አልነበረም ለማለት ይቻላል። አሁን ትምህርት ቤታችን አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ገንዘብ በማሰባሰብ ላይ ስለሆነ፣ የትኛው ዓይነት ይገዛ የሚለው ክርክር በየክፍሉ ይሰማል። አንዱ ወገን ቱቦው ክፍት የሆነውን፣ ሌላው ወገን ቱቦው ዝግ የሆነውን ይመርጣል። እኔም በበኩሌ የሁለቱን ጥቅምና ጉዳት መዝኜ ያሰብሁትን ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ነገሩን እንረዳው። ልንገዛው የታሰበው ቴሌስኮፕ እንግሊዛዊው ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት፣ ማለት በመስተዋት የሚያይ ነው። ብርሃን በቱቦው አፍ ገብቶ ከታች ባለው ጎድጓዳ መስተዋት ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ላይ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት ወደ ጎን መልሳ ለተመልካቹ ዓይን ታደርሰዋለች። እንግዲህ ብርሃንን የሚሰበስበው መስተዋቱ እንጂ ቱቦው አይደለም። የቱቦው ሥራ ሦስት ነው፤ ይኸውም ሁለቱን መስተዋቶች በአንድ መስመር መያዝ፣ ከጎን የሚመጣውን የማይፈለግ ብርሃን መከልከል፣ እንዲሁም አቧራንና ጤዛን ማራቅ ነው። ዝግ የሚባለው ከታች እስከ አፉ በቆርቆሮ ወይም በወፍራም ካርቶን የተሸፈነው ሲሆን፣ ክፍት የሚባለው ግን ከታች ባለው ሣጥንና ከላይ ባለው ቀለበት መካከል ስድስት ወይም ስምንት ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ ያሉት ነው።

ይህ ክርክር በእኛ የተጀመረ አይደለም። ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1789 የፈጸመው ታላቅ ቴሌስኮፕ 12 ሜትር ያህል የሚረዝም የተዘጋ የብረት ቱቦ ነበረው። ከዚያ በኋላ ዊልያም ላሴል የተባለው ሰው በ1860ዎቹ በማልታ ደሴት 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ሲተክል፣ ቱቦውን እንደ ቅርጫት ክፍት አድርጎ ሠራው። በአሜሪካ ፓሎማር ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1948 ለተመረቀው የ5 ሜትር መስተዋት ደግሞ፣ ማርክ ሰሪዬ የተባለ መሐንዲስ በ1935 የዘንግ ማዕቀፍ ነደፈለት። የዚህ ማዕቀፍ ጥበብ፣ ቴሌስኮፑ ሲያዘነብል የላዩና የታቹ ጫፍ እኩል ዝቅ እንዲሉ ማድረጉ ነው፤ ስለዚህ መስተዋቶቹ ትይዩነታቸውን አይለቁም። ከዚያ ወዲህ የዓለም ታላላቅ ቴሌስኮፖች አብዛኞቹ ክፍት ሆነው ተሠሩ።

ክፍቱን የሚመርጡ ጓደኞቼ የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። በቀን የሞቀ አየር በዝግ ቱቦ ውስጥ ታስሮ ሲቀር፣ ማታ እንደ እሳት ወላፈን እየተርገበገበ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ በክፍቱ ግን ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ደግሞም ክፍቱ ተፈታትቶ በመኪና ስለሚጫን፣ ወደ ዳሞታ ተራራ እንኳ ይዘነው ልንወጣ እንችላለን። ከሁሉም በላይ፣ መስተዋቱ እየተለቀ ሲሄድ ዝግ ቱቦ ለመሸከም አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ 40 ሳንቲ ሜትር መስተዋት የሚፈልግ ሰው ወደ ክፍቱ መሄዱ ግድ ነው። የ40 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ከ25 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ተዘንግቷል። እነዚያ ታላላቅ ቴሌስኮፖች ሜዳ ላይ አልተተከሉም። ሩቅ ሳንሄድ የእንጦጦን እንመልከት። በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው በእንጦጦ የሥነ ፈለክ መመልከቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ሁለቱም የሚኖሩት በሚከፈትና በሚዘጋ ጉልላት ውስጥ ነው። ጉልላቱ ከነፋስ፣ ከዝናብ፣ ከአቧራና ከባዕድ ብርሃን ይጠብቃቸዋል፤ ሠልጥነው የሚጠብቋቸው ባለሙያዎችም አሏቸው። እንግዲህ ክፍት ቴሌስኮፕ ግድግዳ የሌለው አይደለም፤ ግድግዳውን ከጉልላቱ የተዋሰ ነው። እኛ ግን በቦዲቲ ጉልላት የለንም። ያለን የትምህርት ቤቱ ሜዳና አንድ የዕቃ ክፍል ነው። ቤት የሌለው ሰው ካባውን አውልቆ አያድርም፤ ጉልላት የሌለው ትምህርት ቤትም ግድግዳውን ከቱቦው ጋር አብሮ መግዛት ይገባዋል።

የአገራችንንም ጠባይ እናስብ። ሰማያችን የሚጠራው በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ይኸው ጊዜ ደግሞ አቧራ ከመንገዱና ከገበያው የሚነሣበት፣ ማታም የየቤቱ የማገዶ ጭስ በሰፈሩ ላይ የሚተኛበት ወራት ነው። የመስተዋቱ ገጽ የተቀባው አልሙኒየም ከአንድ የራስ ጠጉር በመቶዎች ጊዜ የቀጠነ ነው። አቧራ ሲያርፍበት አንዱ ቅን ልጅ በነጠላው ጫፍ ቢጠርገው ይቧጭረዋል፤ እንደ ገና ማስቀባቱም አየር በተመጠጠበት ልዩ ዕቃ ውስጥ የሚደረግ ሥራ ስለሆነ በከተማችን የሚገኝ አይደለም። ክፍት ቴሌስኮፕ ወደ ላይ ቀና ሲል መስተዋቱ ሰማዩን ብቻ ሳይሆን አቧራውንም፣ ከልጅ ኪስ የሚወድቀውንም እስክርቢቶ ይቀበላል።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ብዛት ነው። አንድ ባለሙያ ብቻውን በሚሠራበት ቦታ፣ ዘንጎቹን በየማታው መግጠምና መስተዋቶቹን ማስተካከል ቀላል ነው። በእኛ ዘንድ ግን በአንድ ማታ ምናልባት ስልሳ ተማሪ ይሰለፋል። በክፍቱ ዙሪያ ሲከቡት የሰውነታቸው ሙቀትና ትንፋሻቸው በብርሃኑ መንገድ ላይ ይገባል፤ የሱቆቹም መብራት በጎን ይዘልቃል። በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን የሚሉ አሉ። ጨርቁ ብርሃኑን በመጠኑ ይከለክላል፤ ሆኖም ነፋስ ሲያርገበግበው ወደ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ የሚወድቀውንም ዕቃ አያቆምም። ደግሞም ዛሬ መግጠሙን የተማረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሚመጣው ዓመት ከእኛ ጋር የለም።

ሦስተኛውና ዋናው የፀሐይ ነገር ነው። ጎድጓዳ መስተዋት የፀሐይን ብርሃን በአንድ ነጥብ ስለሚሰበስብ ጨርቅ ሊያቃጥል፣ ዓይንንም በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል። ክፍቱ በቀን ሜዳ ላይ ሳይሸፈን ቢረሳ፣ ፀሐይ በጎንም በላይም ልትገባበት ትችላለች። ዝጉ ግን አንድ ክዳን ብቻ አፉ ላይ ሲደፋበት አደጋው ይቀራል። በዝጉም ቢሆን ተገቢው የፀሐይ ማጣሪያ አፉ ላይ ሳይታሰር ወደ ፀሐይ ማዞር ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚሰጡን አምነውን ነውና ይህን በቀላሉ ልናልፈው አይገባም።

የዝጉንም ጉድለት መሸሸግ ተገቢ አይመስለኝም። ሙቀት ማሰሩ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ ከመመልከቻው ሰዓት ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቢቻልም ከመስተዋቱ ጀርባ ትንሽ ማራገቢያ መግጠም ነው። ክብደቱም የሆነ እንደ ሆነ፣ የ25 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ ርዝመት 1 ሜትር ከሩብ ያህል ስለሆነ ሁለት ተማሪዎች ይሸከሙታል። የሚቀመጥበትም አሜሪካዊው ጆን ዶብሰን ያስፋፋው ቀላል የእንጨት ሣጥን ስለሆነ፣ ቢሰበር የከተማችን አናጢ ይጠግነዋል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ያለው ዝግ ቱቦ ይገዛ። ይህ መጠን አነሰ የሚል ቢኖር፣ በጨለማ ከተከፈተች የሰው ዓይን ከ1,200 ጊዜ በላይ ብርሃን እንደሚሰበስብ ይወቅ። የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች አጥርቶ ያሳያል። ቦዲቲ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች፤ የአውሮፓ ልጆች ከአገራቸው የማያዩትን የደቡብ መስቀል እኛ ከሜዳችን እናየዋለን። ይህን ትተን በትልቅነቱ ብቻ ክፍቱን ብንገዛና በሁለተኛው ዓመት መስተዋቱ ተበላሽቶ በዕቃ ክፍል ቢጣል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆንብናል። ወደፊት ጣሪያው የሚንሸራተት አንዲት ትንሽ ቤት ለመሥራት አቅም ያገኘን ዕለት፣ ያን ጊዜ ክፍቱንና ትልቁን ለመግዛት እኔ ራሴ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ገንዘብ ቡናና በቆሎ ሸጠው ከሰጡ ወላጆች እጅ የወጣ ነው። ስለዚህ ምርጫችን በአንድ ማታ ለምንደነቅበት ሳይሆን፣ ታናናሾቻችን ከዐሥር ዓመት በኋላም ለሚያዩበት ዕቃ ይሁን። መምህራንና ወላጆችም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ይህን አመዛዝነው እንዲወስኑ በአክብሮት አሳስባለሁ።